ሙሉና የተቀጨ

በጠራቢው ቤት ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ሙሉ እና የተቀጨ። ሐውልት ሊያሠራ የመጣ ሰው ገብቶ የሟቹን ዕድሜ ከተናገረ ጠራቢው ሌላ ጥያቄ አያበዛም። አንገቱን ወደ ጓሮ ያዞርና «ሙሉ!» ወይም «የተቀጨ!» ብሎ ይጣራል። ከጓሮ በኩል በመፍጫው ጩኸት መሃል «ሰምቻለሁ ጋሼ!» የሚል ድምፅ ይመለሳል። የሚስቱ ወንድም ነው። ሰፈሩ አቧራው ይለዋል፤ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ገብቶ ማታ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ። የእምነ በረዱ ዱቄት ቅንድቡ ላይ ተኝቶ ከኖረበት ዘመን ብዛት፣ ሽበት ያውጣ አያውጣ ራሱም አያውቅም።

ሙሉው ድንጋይ ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ ሰው ነው። አራቱም ጠርዙ ይለሰልሳል፣ እጅ ሲያልፍበት እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። የተቀጨው በወጣትነቱ ለሞተ ነው። እሱም መጀመሪያ እንደ ሙሉው ይሠራል፤ ይለሰልሳል፣ ይወለወላል፣ ስሙ ይቀረጽበታል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጠራቢው ራሱ ይመጣና በጀርባው በኩል በመሮ መስመር ያወጣለታል። ከዚያ አንዴ በመዶሻ። የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ተገምሶ ይወድቃል። የተሰበረው ፊት ከዚያ ወዲያ አይነካም፤ እንደ ተነከሰ ዳቦ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ያለ ዕድሜው ተቀጨ ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረም ቢሆን ሲያየው ይገባዋል።

ነገሩ የተጀመረው በስሕተት ነው። ጠራቢው ገና ጀማሪ ሳለ ለአንድ ወጣት የሠራው ድንጋይ ከጋሪ ሲወርድ አመለጠውና ማዕዘኑ ተገመሰ። የሟቹ ቤተሰብ በር ላይ ቆሟል። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት የልጁ አባት ስብራቱን በመዳፋቸው ሸፈኑና «እንዴት አወቅህ?» አሉት። «ልክ እንዲህ ነው የሆነብን።» ጠራቢው የከፈተውን አፉን ዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ያንን አይተው «እንደዚያኛው» እያሉ ያዝዙ ጀመር፤ ሌሎች ሐውልት ቤቶችም ቀዱት። አቧራው ይህን ታሪክ ለሰው ከማውራት ቦዝኖ አያውቅም። «የኛ ጋሼ እኮ ሲያደናቅፈው እንኳ ፋሽን ያወጣል» ይላል።

ጠራቢው አንዲት ልጅ ነበረችው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ስለምትጠይቅ ቤተሰቡ ጥያቄ ብሎ ያቆላምጣት ነበር። ጨረቃ ለምን ትከተለናለች፣ ዓሣ ይጠማዋል ወይ፣ ሰው ሳይወለድ የት ነበር። አድጋም አልተወችውም፤ ሥነ መለኮት ልማር ብላ ገባች፣ እዚያም ከትምህርቱ ሁሉ ሰው የሚሸሸውን ግሪክኛ መርጣ ያዘች። እናቷ «የሰው ልጅ ጥርስ ሐኪም ይሆናል፣ የኔ ልጅ የሞተ ቋንቋ ሐኪም ልትሆን ነው» ብላ ለጎረቤት ታማርር ነበር፤ ምሬቱ ግን ግማሹ ኩራት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ታመመች። ደም የሚሠራው መቅኒዋ ነው የታመመው አሉ ሐኪሞቹ። ከዳሌዋ አጥንት በመርፌ ቀድተው አዩ፣ ደግመው አዩ፣ መድኃኒት ሰጡ፤ ፀጉሯ ረገፈ፣ በሽታው ትንሽ አፈገፈገና ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ሲመጣ ሐኪሙ ዓይኗን እያየ መናገር ተወ። ጥያቄ ደግሞ ሰው ዓይኑን ሲሰብር መልሱን የምታነብ ልጅ ነበረች።

ቤት ውስጥ መቀመጥ አልወደደችም። እናቷ ዓይን ዓይኗን ታያለች፤ ትራስ ታስተካክላለች፣ ያስተካከለችውን ትራስ ታስተካክላለች። ስለዚህ ደህና በሆነችበት ቀን ሁሉ አባቷ ሥራ ቦታ ትመጣለች። አቧራ እንዳይነካት ያለቁ ድንጋዮች የሚቆሙባት የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ፣ የመስታወቱ በር ተዘግቶላት፣ ገና ያልተጠረበ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ትቀመጣለች። ከጎኗ ያ ወፍራም የግሪክኛ መዝገበ ቃላቷ አለ። አቧራው መጽሐፉን አንዴ አንስቶ መዝኖት «ይሄማ በአንድ ጎኑ ስም ቢቀረጽበት ይቆማል» ብሏል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የልጃቸውን ሐውልት ሊወስዱ መጡ። ከሞተ የከረመ ልጅ ነው፤ ገና ጎረምሳ። ድንጋዩ ከነ ስብራቱ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሴትዮዋ አላለቀሱም። ቀረብ ብለው ስሙን በጣታቸው ተከተሉ፣ ከስሙ ወደ ላይ ወጡ፣ ልስልሱ አልቆ ስብራቱ ሲጀምር እጃቸውን አላነሱም። ሲጨርሱ ጣታቸው ደምቷል። ጠራቢው ጨርቅ ይዞ ሮጠ።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ቁራጩንስ ምን አደረጋችሁት?»

«የቱን ቁራጭ እናቴ?»

«ከዚህ የወደቀውን።»

ጠራቢው ወደ አቧራው አየ፤ አቧራው ወደ መሬት አየ። ቁራጩ እንደ ሁልጊዜው ጓሮ ተጥሏል። ጓሮው ጭቃ እንዳይዝ የተነጠፈው ጠጠር እኮ ሁሉም ከየማዕዘኑ የወደቀ ነው፤ በየቀኑ የሚረግጡት። «አለ» አለ ጠራቢው። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁና ሸካሚዎቹን ተከትለው ወጡ።

ጥያቄ ከፍራሿ ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች።

«አባዬ፣ ስንት ዓመት ሲሆን ነው የሚሰበረው?»

«ምኑ?»

«ድንጋዩ። የሃያው ይሰበራል፣ የሰማንያው አይሰበርም። መሃል ላይ ያለውስ?»

«እሱ እንግዲህ... ታይቶ ነው።»

«ምኑ ታይቶ?»

«አንቺ ልጅ! አሁንም አለቀቀሽም?»

አቧራው በመስታወቱ በር አንገቱን አስገብቶ ኖሯል። «ጥሩ ጠየቀች። እኔስ ጋሼ፣ ዛሬ ብሞት ሙሉ ነኝ ወይስ የተቀጨሁ?»

«አንተማ ተፈጭተህ አልቀሃል፤ በከረጢት ነው የምንቀብርህ።»

ጥያቄ ሳቀች። ስትስቅ ድዷ ስለሚደማ አፏን በመሐረብ ትይዛለች። አቧራው በሩን ዘግቶ ወደ መፍጫው ሲመለስ መሐረቧን አጣጥፋ አስቀመጠችና «አንድ ቃል ልንገርህ?» አለች።

«ንገሪኝ።»

«አዮን ይባላል። መጽሐፍ ውስጥ እኛ አንዳንዴ ዓለም፣ አንዳንዴ ዘመን፣ አንዳንዴ ደግሞ ዘላለም እያልን የምናነበው። ግሪክኛው ግን አንድ ቃል ነው።»

«ዘላለምና ዘመን እንዴት አንድ ይሆናሉ? አንዱ ያልቃል፣ አንዱ አያልቅም።»

«እኔም እሱን ነበር የጠየቅኩት። አስተማሪያችን፣ ‹ሁልጊዜ› እና ‹ያለ› ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው አለን። ደስ ይላል፣ አይደል? ሁልጊዜ ያለ። ግን መዝገበ ቃላቱን ስገልጥ ይሄ የጥንቶቹ ግምት ነው ይላል። የቃሉ ሥር ሌላ ነው። ዕድሜ ማለት ከመሆኑ በፊት ሕይወት ማለት ነበር፤ ሰው ውስጥ ያለ፣ ሰውን የሚያቆም ኃይል። በጣም በድሮው ጽሑፍ ደግሞ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ?» እጇን ወደ ጀርባዋ ልካ አከርካሪዋን ነካች። «መቅኒ። አጥንት ውስጥ ያለውን መቅኒ አዮን ይሉታል።»

ጠራቢው የያዘውን መሮ አስቀመጠ።

«አየህ አባዬ፣ በሽታዬ የተማረ ነው። ግሪክኛ ያውቃል።»

«ተይ እንግዲህ።»

«እውነቴን ነው። እኛስ ሰው ሲያዝን ቅስሙ ተሰበረ እንል የለ? ቅስም ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። አጥንት ውስጥ ያለ ነገር ነው ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«ይኸው። እነሱም እንደኛ ነው ያሰቡት። እና ቃሉ ከዚያ ተነሳ። መጀመሪያ ሰው ውስጥ ያለች ሕይወት፤ ቀጥሎ ያቺ ሕይወት ከተጀመረችበት እስከምታልቅበት ያለው ሁሉ፤ ከዚያ የአንድ ትውልድ ዘመን፤ ከዚያ የዓለም ዘመን፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አድጎ አድጎ ዘላለም ሆነ። ዘላለም ከየት መጣ ብትለኝ፣ ከአንድ ሰው አጥንት ውስጥ ነው።»

ከጓሮ የመፍጫው ድምፅ ቆመ፤ አቧራው ውሃ ሊጠጣ ይሆናል። ጸጥታው ጠራቢውን አላስቀመጠውም።

«እሺ፤ ታዲያ እንደነሱ አባባል አጭር አዮን የለም?»

«አጭር አለ» አለች። «ጎዶሎ ግን የለም። የድሮዎቹ እያንዳንዱ ነፍስ የራሱ አዮን አለው ይሉ ነበር። ከዳር እስከ ዳር የሱ የሆነው ያ ነው። ከሌላ ሰው ጋር አስተያይተህ ይሄን ያህል ጎደለው አትልም። የቢራቢሮም ሙሉ ነው፣ የኤሊም ሙሉ ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ያደክማት ጀምሯል። «የኔን አትስበረው አባዬ።»

 ጠራቢው መጥረጊያ አነሳና ጠዋት የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረገ። ማዕዘን ማዕዘኑን፣ ከድንጋዮቹ ሥር፣ ከፍራሿ ሥር። ከፍራሿ ሥር ሲጠርግ እግሯን አነሳችለት።

«ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለእማዬ እንዳትነግራት። ለሷ ስለዚህ ማውራት አልችልም። ታለቅሳለች፤ ከዚያ እኔ ነኝ የማባብላት፤ ከዚያ ይደክመኛል።»

«እሺ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ቦታ የመጣችባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ። የሞተችው አንድ ጠዋት ነው፤ እናቷ ፊቷን እያጠበቻት ሳለ። እናትየው እርጥቡን ፎጣ ይዛ ለረጅም ጊዜ ማጠቧን አላቆመችም ነበር። ማንም አላስቆማትም።

ለቀስተኛው ቤቱን ለቆ፣ ወንበሩ ሁሉ ወደየባለቤቱ ተመልሶ፣ ቤቱ ባዶውን ሲቀር ጠራቢው ወደ ሥራው ተመለሰ። ለድንጋዩ ከሁሉ ነጩን መረጠ፤ በመሃሉ አመድማ ጅማት የሚሄድበት። አቧራው ልቁረጠው ቢለው እንቢ አለ። ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ አለሰለሰ፤ ምሳ ሳይበላ የሚውልበት ቀን በዛ። ስሟን ሲቀርጽ፣ የሰው ሁሉ ስም ሲቀርጽ የኖረ እጅ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ሦስት ጊዜ በእርሳስ ነድፎ ሦስት ጊዜ አጠፋ። ተቀርጾ አለቀ። ከዚያ ቆመ።

አቧራው ቀን ቆጠረ። በመጨረሻ አላስችል ብሎት መጣ።

«ጋሼ፣ መስመሩን ላውጣልህ? ለአንተ ከከበደህ...»

«አይሰበርም።»

«እንዴት አይሰበርም?»

«አይሰበርም አልኩህ።»

አቧራው ጓንቱን አወለቀ። «እኔ ልጅቷን በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜ አሳድጌያታለሁ፤ ከአንተ ያነሰ አልነደደኝም። ግን ልንገርህ፤ ማንም አይነግርህምና። ይሄን ሁሉ ዘመን የሰው ልጅ ሲሆን በአንድ ምት ስትቀጭ ኖረህ፣ ያንተ ሲሆን ሙሉ? መቃብሩ ቦታ ሂድና እይ። ግራና ቀኙ ያንተ መዶሻ ያረፈበት ነው። እነዚያ እናቶች መሃላቸው ይሄን ሙሉ ድንጋይ አቁመህ ሲያዩ ምን ይላሉ? ልጆቻችን ጎዶሎ፣ የሱ ሙሉ?»

ጠራቢው ይህን ሳያስበው ቀርቶ አልነበረም። ጣታቸው ከደማው ከእኚያ እናት ወዲህ ሌላ ያሰበው ነገርም የለ። «እውነትህን ነው» አለ። «መልስ የለኝም።»

«መልስ ከሌለህ ስበረው።»

«አልሰብረውም።»

አቧራው ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ ነጩ ዱቄት ፊቱ ላይ ጭቃ ሆነ። «አንተ ሰው ድንጋይ ስትጠርብ ድንጋይ ሆነሃል» አለና ጓንቱን ጥሎ ወጣ። ከሥራ ሰዓት በፊት ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ወሬው ለአቧራው እህት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም። በማግሥቱ ጠዋት የጠራቢው ሚስት መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ወደዚህ ቤት እግሯን አንስታ አታውቅም። ጥቁር ለብሳ በፊተኛው ክፍል መሃል ቆመች፤ ፍራሹ የነበረበትን ድንጋይ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እዚያ ደግሞ የልጇ ስም ጠበቃት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«አላለቀም ማለት ነው።»

«አልቋል።»

«ማዕዘኑስ?»

ጠራቢው እጁን በልብሱ ጠረገ።

«ለጎረቤት ልጅ ሰብረሃል። ስሙን ለማታውቀው መንገደኛ ልጅ ሰብረሃል። የኔ ልጅ ምንድን ናት? ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተችው? ምኑን አየችው? አልተዳረች፣ አልወለደች፣ የጀመረችውን ትምህርት እንኳ አልጨረሰች። የምን ሙሉ ነው? ማን ላይ ነው የምትቀልደው?» እጇን ዘረጋች። «ስጠኝ መዶሻውን።»

«አንቺ...»

«ስጠኝ! አንተ እጅህ ካልታዘዘ የኔ ይታዘዛል። እኔ ነኝ ያማጥኳት።»

መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሳችው። ከበዳት፤ በሁለት እጇ ያዘችው። እንዴት እንደሚመታ አታውቅም፤ መስመር ሳይወጣለት ከተመታ ድንጋዩ ከስሙ ላይ ለሁለት ሊሰነጠቅ እንደሚችልም አታውቅም። እሱ ያውቃል። መዶሻውን ሊቀማት ግን አልደፈረም፤ ሊነግራት ያልፈለገውን መንገር ብቻ ነበር የቀረው።

«እሷ ናት አትስበረው ያለችኝ።»

መዶሻው ባለበት ቀረ።

«ማን?»

«ልጅሽ። እዚሁ ተቀምጣ። የኔን አትስበረው አባዬ አለችኝ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

እናትየው ቀስ ብላ መዶሻውን መሬት አስቀመጠች። ላለማየት ወደሸሸችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሄዳ ቁጭ አለች። የተናገረችው ድንጋዩን የሚመለከት አልነበረም።

«ለኔ ያልነገረችኝን ለአንተ። ሌትና ቀን ያልተለየኋት እኔ። ትድኛለሽ ስላት እሺ እማዬ ትለኝ ነበር። እሺ ትለኝ ነበር እኮ!»

«ለአንቺ ብላ ነው። ታለቅሳለች፣ ከዚያ እኔ ነኝ የማባብላት፣ ከዚያ ይደክመኛል አለች።»

ይህን ቃል እንደተናገረ ጸጸተው። እሷ ግን አልተቆጣችም። ጉልበቷን እያሻሸች «ሌላስ?» አለች። «ያለችውን ሁሉ ንገረኝ። አንድ ነገር እንዳታስቀር።»

ነገራት። እንደ ልጁ አድርጎ ማውራት አልሆነለትም፤ ቃሉን ሲጠራ ምላሱ ተያዘ፣ ኋላ የመጣውን ፊት አመጣ፣ ተመልሶ አስተካከለ። አንድ የግሪክ ቃል አለ አላት። መጀመሪያ ሕይወት ነበር፣ ኋላ ዕድሜ ሆነ፣ ኋላ ዘላለም ሆነ። ድሮ ድሮ መቅኒንም ይሉበት ነበር።

«መቅኒን?»

«መቅኒን።»

«የገደላትን?»

«አዎ። በሽታዬ የተማረ ነው፣ ግሪክኛ ያውቃል አለች።»

ሳቁ ከእናትየው ሳታስበው አመለጠ፤ የልጇ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ስለመጣባት ነው። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶው ደረሰበት። ጠራቢው ከጎኗ ተቀመጠ። አላባበላትም፤ እንድታለቅስ ተዋት። ስታበቃ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እና ሙሉ ነኝ አለች?»

«አጭር አለ፣ ጎዶሎ የለም አለች።»

«እሷ ትበል። ለኔ ጎዶሎ ነው።»

«ለኔም ነው።»

«ታዲያ ድንጋዩ ለምን ሙሉ ይሆናል?»

ጠራቢው ይህን አስቦበት አያውቅም፤ ሲናገረው ነው ያወቀው። «ድንጋዩ የሷ ነዋ። የኛ አይደለም። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሰብር የኖርኩት የቋሚውን ነው። ስሙ የሟች፣ ስብራቱ የቋሚ። ማንንም ልጅህ ምን ይል ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። ለሌሎቹ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ይህችኛዋ ግን ነግራኛለች።»

 እናትየው ተነስታ ወደ ሐውልቱ ሄደች። ስሙን አልነካችም። ቀጥታ ወደ ላይኛው ቀኝ ማዕዘን እጇን ዘረጋችና መዳፏን አሳረፈችበት፣ ወዲያና ወዲህ አለችው።

«እዚህ ጋ ይሻክራል።»

ጠራቢው ተነሳ። ነካው። እውነቷን ነው፤ ሦስቱን ማዕዘን እንደ መስታወት አድርጎ፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ እጁ በየቀኑ እየቆመ ኖሯል። አልቋል ያለው ራሱን ሊያሳምን ነበር።

«ወይ አልሰበርከው፣ ወይ አልጨረስከው» አለች።

«አልቻልኩም።»

«ምን ይፈልጋል?»

«ማለስለሻ ድንጋይና ውሃ። አንድ ሰው ውሃ ማፍሰስ አለበት፤ ሌላ ጊዜ ወንድምሽ ነው።»

ዙሪያዋን አየች። በርሜሉ አጠገብ የተቀመጠውን ጣሳ አነሳች፣ ሞላችው፣ ጥቁር ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ማዕዘኑ አጠገብ ቆመች። ጠራቢው ማለስለሻውን አንስቶ ጎንበስ አለ። እሷ አፈሰሰች፣ እሱ ፈተገ። ነጭ ውሃ በድንጋዩ ጎን ወርዶ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ፤ አልሸሸችም።

«ከስሟ በታች ምን ልትጽፍ ነው?»

«ምንም።»

«ያለ ዕድሜዋ እንዳትል።»

«አልልም።»

ጣሳው ባዶ ሆነ፤ ሄዳ ሞልታ መጣች። በመዳፏ ማዕዘኑን ፈተሸችና ራሷን ነቀነቀች።

«ገና ነው» አለች፣ «ቀጥል።»